የተጠማችው ጀልባ

ቅዳሜ ግንቦት 17 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከካልጋሪ በስተምሥራቅ በሚገኘው የቼስተርሚር ሐይቅ፣ አንዲት አዲስ የእንጨት ጀልባ ውኃ ላይ በዋለች ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰጠመች። በውስጧ ሰው አልነበረም። ከሠሪዋ ከጋሼ መኩሪያ ኩራት በስተቀር የተጎዳ የለም።

ይህን ዜና የጻፍኩት በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ኩራት የሚለውን ወዲያው ሰረዝኩት፤ ኩራት ሲሰጥም በዓይን አይታይምና። የቀረው ግን እንከን አልነበረውም። ቆሜ አይቻለሁ፤ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎችም አይተዋል። ሆኖም ዜናው አየር ላይ ሳይውል ቀረ። ለምን እንደቀረ ነው የምነግራችሁ።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዘጋቢ ነኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ፣ በኋላ እዚህ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤርፖርት የጭነት ክፍል እየሠራሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የግማሽ ሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ሕጌ አጭር ናት፤ ወይ በዓይኔ ያየሁትን፣ ወይ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ የነገሩኝን ብቻ እዘግባለሁ። ባለቤቴ በዚህ ነገር ትቀልድብኛለች። «ዝናብ እየዘነበ ነው ስለው መስኮት ይከፍታል» ትላለች ለእንግዳ። እውነቷን ነው፤ እከፍታለሁ።

በዚያ ጸደይ ፕሮግራሙን ልዘጋ ወስኜ ነበር። የሚያዳምጡኝ ሽማግሌዎች እየተመናመኑ ሄዱ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ሊንኩን ሴንድ ያድርጉልኝ» ይሉኛል፤ እልካለሁ፤ አይከፍቱትም። አልተቀየምኩም። ጭነት ከሌለ መኪና አይነሣም። የስንብቱን ቃል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የማነበው በዚያው እሁድ ነበር። የጎደለኝ አድማጭ ፈገግ ብሎ እንዲለየኝ የሚያደርግ አንድ ቀለል ያለ ዜና ነው። ለዚህ ደግሞ ከጋሼ መኩሪያ ጀልባ የተሻለ አልነበረም።

ጋሼ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የቤት ዕቃ አናጺ ናቸው። ካልጋሪ፣ ታራዴል ሰፈር ውስጥ ካሉት የሐበሻ ወጥ ቤቶች የስንቱ ካቢኔት ከእጃቸው እንደወጣ እሳቸውም አያውቁም። «እኔ የሠራሁት በር ሲጢጥ አይልም» ይላሉ፤ ደግሞም አይልም። ማርቲንዴል ሰፈር በሚገኘው ጋራዣቸው ውስጥ ሁለት ክረምት ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ ከረሙ። ባሕር በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ በሆነበት ከተማ ጀልባ የሚሠራ ሰው ስም ሳይወጣለት አይቀርም። ሰፈሩ «ኖኅ» አላቸው።

«በኖኅም ላይ ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር» ብለው መለሱልኝ ስለዚሁ ስጠይቃቸው። «የሳቁት የት እንደደረሱ አንተው ዘግብ።»

የጀልባዋ ነገር የመጣው ከአጥሩ ወዲያ ካሉት ጎረቤታቸው ነው። ሚስተር ኤቫንስ የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ዌልስ ተወልደው፣ ካናዳ ስድሳ ዓመት ኖረው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጋሼ መኩሪያ በረዶ ሲጠርጉ የእሳቸውንም ደጅ ይጠርጋሉ፤ ሽማግሌው በአጸፋው ሻይ በወተት ይዘው ይወጣሉ። ጋሼ «ካፒቴን» ይሏቸዋል። ሚስተር ኤቫንስ ደግሞ መኩሪያ ማለት ስላቃታቸው «ማክ» ይሏቸዋል።

ካፒቴን ግን አልነበሩም። ይህን አጣርቻለሁ።

«የመርከብ ወጥ ሠሪ ነበርኩ» አሉኝ ራሳቸው። «ድንች እልጥ ነበር። ካፒቴኑ የላጥኩትን አይቶ፣ ከድንቹ ይልቅ ልጣጩ ይበዛል ይለኝ ነበር።»

በዐሥራ አራት ዓመታቸው የገቡባት መርከብ ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት የጭነት መርከብ ነበረች። ትልልቆቹን የሸራ መርከቦች ብረትና እንፋሎት ከጨረሳቸው ቆይቷል። በብሪታንያ ዳርቻ የቀሩት ትንንሾቹ ነበሩ፤ ሦስት ሰውና አንድ ልጅ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ከሰል፣ የጣሪያ ድንጋይ፣ የሸክላ አፈር የሚያመላልሱ፣ አንዳንዶቹም ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ሞተር የተሰካባቸው። ወደብ በሌለበት መንደር ጭነት ሲያደርሱ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት እስከ አሸዋው ይጠጋሉ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፤ ሲሸሽ መርከቢቱ አሸዋ ላይ ትቀመጣለች። ያኔ የፈረስ ጋሪ ጎኗ ድረስ መጥቶ ያራግፋታል። ሙላቱ ሲመለስ ተነሥታ ትሄዳለች።

«እንደ ግመል ተንበርክካ ነዋ የምትራገፈው!» ብለው ነበር ጋሼ መኩሪያ መጀመሪያ ሲሰሙ።

«ግመል አላውቅም» አሉ ሚስተር ኤቫንስ። «እንደምታጉረመርም ግን ሰምቻለሁ። እሷም ታጉረመርም ነበር።»

ጋራዡ ውስጥ የተሠራችው መርከቢቱ ራሷ አይደለችም፤ ከኋላዋ ትጎተት የነበረችው ትንሽ ጀልባ አምሳያ ናት። የመርከቢቱ ልጅ ዳቦ ለመግዛት ወደ ዳርቻ የሚቀዝፈው በእሷ ነበር። ሽማግሌው ቅርጿን በቁርስ እህል ካርቶን ላይ ሣሉት፤ ጋሼ መኩሪያ የሲዳር ጣውላ ገዙ። ጣውላዎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ በመዳብ ሚስማር ተያይዘዋል። በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ለስላሳ ነበር።

የቸኮሉበትም ምክንያት ነበር። የሚስተር ኤቫንስ ቤት ተሽጧል። ሴት ልጃቸው ግዌን፣ በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ደሴት ላይ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ፣ እሁድ ቀትር ላይ ወደ ኤርፖርት ልትወስዳቸው መጥታለች። ከዚያ መመለስ የለም። ሽማግሌው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሄዳቸው በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ ውኃ ላይ በተንሳፈፈችው ጀልባ ውስጥ መቀመጥ።

«ከዚያ በኋላ ማክ አበባ ይትከልባት» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ከጋራዡ ስትወጣ ማርቲንዴል ግማሹ ደጅ ላይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንዱ ጮኸ፤

«ጋሼ ኖኅ! እንስሳቱስ የታሉ?»

«አንተን ነበር የምንጠብቀው! ጥንድህን ፈልግና ና!»

እትዬ ዘነበች፣ የጋሼ ባለቤት፣ በረንዳ ላይ ሆነው ትእዛዝ አወረዱ። «መኩሪያ፣ ዋና አትችልም፤ ይህን እንዳትረሳ።» ወደ እኔ ዞሩና «አንተም ብትሆን ማስታወሻህን ትተህ አንዳንዴ ቀና በል፤ ሰው ሊሰምጥብህ ይችላል» አሉኝ።

ጀልባዋ በኪራይ ተሳቢ ላይ ተጭና፣ የጋሼ መኩሪያ ፒክአፕ እየጎተታት፣ በስቶኒ ትሬይል አውራ ጎዳና ቀኝ ጠርዝ በሠርገኛ ፍጥነት ተጓዘች። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ያልፈናል። ጋሼ ለእያንዳንዱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ምስጋና መስሏቸው ነው።

ሐይቁ ዳር የጠበቀን ዳንኤል ነው። ዳንኤል ሪልተር፣ የቤት ደላላ ነው፤ የሚስተር ኤቫንስን ቤት የሸጠው እሱ ነው፤ የእሱ ቤት ሐይቁ ዳር ስለሆነ የራሱ ዶክ፣ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት መድረክ፣ አለው። ጴንጤ ነው፤ ጋሼ መኩሪያ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳይነካኩ አይለያዩም።

«ዌልካም ጋሼ! ዶኩን ክሊን አድርጌዋለሁ። ላይፍ ጃኬትም አለ፤ የኔ ኤክስትራ ላርጅ ነው እንጂ።»

«አንተ ስትሰጥ መቼም አትቆጥብም» አሉ ጋሼ። «ስብከትህም እንዲሁ ነው።»

ሚስተር ኤቫንስ ለታጣፊ ወንበራቸው ቦታ መርጠው ተቀመጡ። ጀልባዋ እንዳትዋልል ሆዷ ውስጥ ክብደት ይጫን አሉ። ጋሼ ክረምት በበረዶ እንዳይንሸራተቱ ፒክአፑ ላይ የሚጭኗቸውን ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች አምጥተው ወለሏ ላይ አጋደሙ። ከዚያ ገፋናት። ውኃው ላይ ስትቀመጥ ዳንኤል አጨበጨበ። ግዌን ፎቶ አነሣች። እኔ ሰዓቱን መዘገብኩ።

መጀመሪያ ያየችው ግዌን ናት። «አባዬ፣ ታለቅሳለች» አለች።

በየጣውላው መደራረቢያ ላይ ውኃ በቀጭን መስመር እየወረደ ነበር። ከአንድ ቦታ ቢሆን ጣት ይደፍነዋል፤ ይህ ግን ከሁሉም ቦታ ነው። ጋሼ መኩሪያ ዶኩ ላይ ተንበርክከው እንደ ታመመ ልጅ ጠርዟን ያዙ። ከረጢቶቹ ረጠቡ፤ ተሸፈኑ። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘንበል አለች፤ ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ ወገብ በሚደርሰው ውኃ ውስጥ ወርዳ መሬት ነካች። ላዩ ላይ የቀረው የአናጺ እርሳስ ነበር፤ የጋሼ፤ ይንሳፈፋል።

መጀመሪያ የተናገረው ዝም ማለት የማይሆንለት ዳንኤል ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ ጠልቃለች። እኛ የውኃ ጥምቀት የምንለው ይህንን ነው። ኮንግራጁሌሽን!»

ጋሼ መኩሪያ ቀና ሳይሉ መለሱ። «ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ይቺን ገና በተወለደች ሰዓቷ፣ ያለ ክርስትና እናት፣ ጴንጤ አደረግህብኝ።»

ቀልዱ ከአፋቸው ወጣ እንጂ ፊታቸው ላይ አልነበረም። ሁለት ክረምት የሠሩት ሥራ እግራቸው ሥር ነው፤ ነገ ቀትር ደግሞ ጎረቤታቸው ይሄዳሉ።

ሚስተር ኤቫንስ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ማክ» አሉ፤ «ክረምቱን ምን ስታደርጋት ነበር?»

«ምን አደርጋታለሁ? እንደ ልጅ ነው የያዝኳት! ቀን ከሌት ሂተር ለኩሼ! አንድ ቀን ብርድ አላስነካኋትም!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር፤ ስህተትም ከተባለ። የቤት ዕቃ አናጺ እንጨት ሳይደርቅ አይነካም፤ የጠመመ በር የሚመጣው ከእርጥብ እንጨት ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ሕግ ይህ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን እንደ ቁም ሳጥን አደረቋት። የካልጋሪ አየር ራሱ ደረቅ ነው፤ በዚያ ላይ ሂተር። ጣውላዎቹ ኮስምነው በመደራረቢያው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል።

«የኛዋን በየጸደዩ ሆን ብለን እናሰጥማት ነበር» አሉ ሚስተር ኤቫንስ። «ክረምት ዳርቻ ላይ ተገልብጣ ከርማ ትደርቃለች። ድንጋይ ጭነን ውኃ ውስጥ እንተዋታለን። እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል። የልጁ ሥራ ነበር፤ የኔ።»

«ታዲያ በእግዜር! ለምን አልነገሩኝም?»

«አናጺ ነህ። እንጨት እንደሚጠማ ታውቃለህ ብዬ ነዋ።»

«የኔ እንጨት ቁም ሳጥን ነው የሚሆነው! ቁም ሳጥን ውኃ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም!»

ጋሼ ሃርድዌር ቤት ሄደው መድፈኛ ሲሊኮን ሊያመጡ ቁልፋቸውን አወጡ። ሽማግሌው በበትራቸው መንገድ ዘጉባቸው። «ክፍተቱን ብትሞላው፣ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል። ጣውላው ሚስማሩን ነቅሎ ይወጣል። ተዋት፤ ትጠጣ።»

«እስከ መቼ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ይህ የኔ ጥያቄ ነው።

«ሁለት ቀን። አንዳንዴ ሦስት።» በበትራቸው ወደ ጀልባዋ ጠቆሙ። «ምድጃ ዳር ለከረመች ግን አላውቅም። ምድጃ ዳር ያከረምናት ጀልባ አልነበረችንም።»

ግዌን ሰዓቷን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ታማሚ ስታመላልስ የኖረች ስለሆነች ሰዓት ታከብራለች። «አባዬ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ኤርፖርት እንነሣለን። ጀልባዋ ብትጠግብም ባትጠግብም።»

ጋሼ መኩሪያ እርሳሳቸውን ከውኃው ለቅመው ጆሯቸው ላይ ሰኩና ወደ ፒክአፑ ሄዱ። ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጠው ሞተር አላስነሡም።

እኔ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አልኩ። መቅጃዬን ከፍቼ፣ ስለ መርከቢቱ መጨረሻ ጠየቅኳቸው።

«ጭነት አጣች» አሉ። «ሎሪ መጣ። ሎሪ የባሕር ሙላት አይጠብቅም። አንድ ጠዋት ወንዝ አፍ ላይ ጭቃው ውስጥ አስገባናት። ካፒቴኑ ኮምፓሱን ወሰደ፤ እኔ መጥበሻዬን ወሰድኩ። ማንም አልሰበራትም፤ ተውናት እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«ቤታችን ከዳገቱ ላይ ነበር። ሙላቱ በመጣ ቁጥር ወጥቼ አያታለሁ። ሙላቱ ሲመጣ ትነሣለች፤ ሲሄድ ትተኛለች። ማንም አልነበረባትም፤ ግን ትነሣ ነበር። አንድ ቀን ሙላቱ መጣ፤ እሷ ሳትነሣ ውኃው በላይዋ አለፈ።»

«ምን ሆና?» አልኩ። ምክንያት ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

«ምንም አልሆነችም። ከእንጨት የተሠራ ሁሉ ያፈሳል። የገባውን ውኃ ለማውጣት በየጠዋቱ ፓምፑን እንመታ ነበር፤ ካፒቴኑ የጠዋት ጸሎታችን ነው ይለው ነበር። ጸሎቱን የሚያደርስ ሰው ታጣ፤ ያ ብቻ ነው።» ከዚያ መቅጃዬን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «አንተስ የምትጭነው ምንድን ነው?»

ስለ ሬዲዮኔ ነገርኳቸው። ነገ የመጨረሻው እንደሆነም።

«ለምን?»

«ጭነት የለም። ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚሰማው።»

«አሃ» አሉ። «ሎሪ።» ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ «መጥበሻህን መውሰድ አትርሳ» አሉኝ።

ቀልድ ነበር። ስቄያለሁ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ዜናውን ጻፍኩ፤ መግቢያውን ከላይ አንብባችሁታል። ድምፄን ልቀዳ ስል ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ቀዳኸው?»

«አሁን ልቀዳ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ብለህ?»

አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መኩሪያ እራት አልበላም» አሉ። «ጋራዥ ገብቶ ሂተሩን እየተሳደበ ነው። ሂተር ምን ያድርግ? አንተ፣ አዲስ እንስራ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከየት ታውቃለህ። አዲስ እንስራ መጀመሪያ ቀን ውኃ ስትሞላው ያንጠባጥባል። የማታውቅ ሙሽራ ‹ሸክላ ሠሪዋ አታለለችኝ› ብላ ታለቅሳለች። የምታውቀዋ ሞልታ ታሳድረዋለች። አሁን አንተ ከሁለቱ የትኛዋ ሙሽራ ነህ?»

«እትዬ፣ እኔ ያየሁት መስጠሟን ነው። እሱ ደግሞ እውነት ነው።»

«እውነት ነው አላልኩህም እንዴ? አሳድረው ነው የምልህ። ፕሮግራምህ ነገ ከሰዓት አይደለም? እውነት ከሆነ ነገም ይኖራል፤ የት ይሄዳል?»

ስልኩን ዘጉት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአለቆቼ አንዱም በዚያ ፍጥነት ጽሑፌን አስቁሞኝ አያውቅም። መቅጃውን አጠፋሁ።

እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ስደርስ ጋሼ መኩሪያ ቀድመውኛል። ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው ለብሰዋል፤ ሱሪያቸው ግን እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። «ዘነበች ‹ለሁለታችንም እኔ አስቀድሳለሁ፤ አንተ ሂድ ጉድህን አውጣ› ብላኝ ነው» አሉ። ዳንኤልም ለቸርች በለበሰው ሱፍ፣ በእያንዳንዱ እጁ ባልዲ ይዞ ከቤቱ ወጣ። ሚስተር ኤቫንስና ግዌን ከነሻንጣቸው ደረሱ። ሻንጣዎቹ ከመኪናው አልወረዱም።

ጀልባዋ ትናንት በተውናት ቦታ፣ ከውኃ በታች ናት። ጋሼና ዳንኤል ገብተው ከረጢቶቹን አወጡ። ሲዳሩ ክብደቱ ሲቀልለት ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጠርዟ ብቻ ከውኃው በላይ ታየ። ጉልበት ወደሚደርሰው ውኃ ገፏት፤ ከዚያ መቅዳት ጀመሩ። ዳንኤል ሦስት ባልዲ ሲያወጣ ጋሼ አንድ። ሐይቁ ወደ ውስጥ ይመለስ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም የሚያየው ባልዲውን ሳይሆን ጠርዟን ነው።

«ጋሼ፣ ፈጠን ይበሉ፤ ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ዛሬ አገልግሎትህ ይኸው ነው፤ ቅዳ!»

ወለሏ ታየ። ጋሼ መኩሪያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፤ የቀረው ውኃ በደረሰበት ልክ፣ በውስጠኛው ጣውላ ላይ አንዲት መስመር አሰመሩ። «አሁን ማንም እንዳይነካት» አሉ። ቆምን። እጄን በደረቴ ላይ አጣጥፌ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ አልቆምም። ግዌን ሰዓቷን አላየችም። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ሐይቁን ማዶ ለማዶ ያያሉ፤ ጀልባዋን አያዩም።

ብዙ ከቆየን በኋላ ጋሼ ጎንበስ አሉ። ቀና አላሉም። «ጋዜጠኛው» አሉኝ፤ «እኔ አላምንም፤ አንተ ና።»

ገባሁ፤ ጫማዬን አላወለቅኩም። ውኃው መስመሩ ላይ ነበር፤ አልጨመረም። ከአንድ መደራረቢያ ብቻ ላብ የሚያህል ነገር ይታያል።

«አልጨመረም» አልኩ።

ሚስተር ኤቫንስ ተነሡ። ግዌን ጫማዋን አውልቃ፣ ማንም ሳይጠይቃት ውኃው ውስጥ ገብታ የጀልባዋን አፍንጫ ያዘች። አባቷን ዳንኤል አቅፎ አስገባቸው። ሽማግሌው የኋላ መቀመጫ ላይ ተደላድለው፣

«አሁን ማክ ይግባ» አሉ።

«እኔ? ዋና አልችልም!»

«የሠራት ሰው ካልቀዘፋት በሠሪው አላመንንም ማለት ነው። ሕግ ነው።»

የየት አገር ሕግ እንደሆነ አላጣራሁም። ጋሼ መኩሪያ የዳንኤልን ኤክስትራ ላርጅ ላይፍ ጃኬት ለብሰው፣ አማትበው ገቡ፤ እንደ ሾፌርም ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ተቀመጡ።

«ዙር ማክ። ጀርባህን ነው ለመንገዱ የምትሰጠው።»

«ወዴት እንደምሄድ ሳላይ?»

«አንተ ሳብ። የማየቱን ሥራ ለኔ ተወው።»

ጋሼ ዞሩ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሆኑ። መቅዘፊያው በመጀመሪያው ሙከራ ውኃውን ላይ ላዩን ገርፎ ዳንኤልን አጠበው፤ ማን ማንን እንዳጠመቀ ብዙ ተከራከሩበት። በሁለተኛው ጀልባዋ ሄደች። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። ከዶኩ እየራቁ፣ የሽማግሌው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ «ግራህን ሳብ... ቀኝህን... ጥሩ ነው ማክ... ድንች ከሚልጥ ይሻላል።»

መሐል ሲደርሱ አቆሙ። ሚስተር ኤቫንስ ጎንበስ ብለው በእግራቸው መሐል ያለውን ወለል በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ለኛ አሳዩን። በዚያ ርቀት ደረቅ ይሁን እርጥብ ማየት አይቻልም። ግዌን ግን አጠገቤ ቆማ ፊቷን አዞረች።

ወደ ኤርፖርት የሄዱት ትንሽ ዘግይተው ነው። አውሮፕላኑ አላመለጣቸውም።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ እሁድ ከሰዓት በሬዲዮ ያሰማሁት የመቅዘፊያ ድምፅ ነበር፤ ከሱም ጋር ጋሼ መኩሪያ «ወዴት እንደምሄድ ሳላይ?» ሲሉ። ስንብቱን አላነበብኩትም። አድማጭ ጨምሮ አይደለም፤ አልጨመረም፤ ቢጨምር ኖሮ ይህንን ደስ ብሎኝ በነገርኳችሁ። ሰጠመች ብዬ የጻፍኩትም ሐሰት አልነበረም። ቅዳሜ እውነት ነበር። የተለወጠው እኔ ከዚያ ወዲህ «አበቃ» የሚለውን ቃል የምጽፍበት አኳኋን ነው፤ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። እናንተም ቤት፣ ሱቅ ይሁን ትዳር፣ ዕድር ይሁን መዘምራን፣ ከየአቅጣጫው የሚያፈስ ነገር ካለ፣ ሲሊኮን ከመግዛታችሁ በፊት እትዬ ዘነበችን ጠይቁ። ስልካቸውን ግን አልሰጥም፤ እኔንም ገና አልለቀቁኝም።

ሬዲዮው ይኸው አለ። እሁድ እሁድ ከሰዓት ፓምፑን እመታለሁ። ማን እንደሚሰማኝ ሁልጊዜ አላውቅም። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቻለሁ።

ጋሼ መኩሪያ አበባ አልተከሉባትም። አሁን ለሐይቁ ሁለተኛ ጀልባ ጀምረዋል፤ ሂተሩን ሸጠዋል። የመጀመሪያዋን የመጠበቅ ሥራ ለኔ ተሰጠኝ፤ የልጁ ሥራ። በየግንቦቱ ሁለቱን የአሸዋ ከረጢቶች ጭኜ ከዳንኤል ዶክ ሥር አሰጥማታለሁ። ዳንኤል በየዓመቱ ያንኑ ቀልድ ይቀልዳል።

ዘንድሮም አሰጠምኳት። በማግስቱ ጠዋት ውኃውን ቀድቼ፣ ወለሏን በጨርቅ አድርቄ ስጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ በቪዲዮ ነው፤ ከደሴቲቱ። ሚስተር ኤቫንስ ስልኩን በጣም አቅርበው ስለያዙት የሚታየኝ አንድ ዓይናቸውና ግማሽ ቅንድባቸው ነው።

«ጠጣች?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ወለሏን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፌ ዳሰስኩ። መዳፌን ወደ ስልኩ አዞርኩ። ደረቅ ነበር።